የወይን ችግኝ ስትገዙ ስሙን ጠይቁ

ባለፈው እዚሁ አዳማ አንድ ችግኝ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ ዓይነቱ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ጥቁር ወይን ነው» አለኝ፣ እሺ ሌላስ ስለው «ጣፋጭ ነው» አለ፣ በቃ። ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ እሱም ሲያመጣው የነገረው ሰው የለም። ግን በቆሎ ቢሆን ኖሮ እኮ የኛ አካባቢ ገበሬ መልካሳ 2 ነው መልካሳ 4 ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ቦሎቄም ሲሆን አዋሽ 1ን በስሙ ነው የሚያውቀው፣ ዝናብ ቶሎ ሲቆም የቱ እንደሚደርስለት ማወቅ አለበታ። ወይን ላይ ስንደርስ ታዲያ ለምንድነው ስለ ቀለሙ ብቻ የምናወራው?

ወይን ሁሉ ውሃ ሲጠማው አንድ ዓይነት አይሆንም። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ ውስጥ ኤንሲኢዲ የሚባሉ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ፣ በነሱ በኩል አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይበዛል፣ ሆርሞኑ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያዘጋና ውሃው እንዳይተን ያደርጋል። ጥሩ ነው፣ ግን ያስከፍለዋል፣ ምክንያቱም ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት አየርም የሚገባው በዛው ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚዘጋው ውሃውን ይቆጥባል ግን እድገቱ ይቀንሳል፣ ቆይቶ የሚዘጋው ደግሞ እየሠራ ይቆይና ድርቁ ከረዘመ ይጎዳል። ግሬናሽ የሚባለው የወይን ዝርያ ከቆጣቢዎቹ ነው የሚባለው፣ ሲራ የሚባለው ደግሞ ቆይተው ከሚዘጉት፣ እርግጥ እንደ አፈሩና እንደ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ሲራ እኮ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም፣ ዝዋይ ያለው የካስትል ወይን ጠጅ ፋብሪካ እርሻ ላይ የተተከለ ነው።

የወይን ሙሉ ዘረመል ተነቦ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከፍራፍሬ ተክሎች የመጀመሪያው እሱ ነበር፣ 30 ሺህ ገደማ ጂን ነው የተገኘበት። እና ድርቅ ሲመጣ ሥራ የሚጀምሩት ጂኖች ቅጠል ላይ ብቻ አይደሉም የሚሠሩት፣ ሥር ላይም ውሃ የሚያሳልፉትን በር መሳይ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ ይቀንሳሉ። ሌላ አገር ደግሞ ወይን ሲተከል ብዙ ጊዜ ግራፍት ይደረጋል፣ ከላይ የምትፈልገው ዝርያ ከታች የሌላ ወይን ሥር። መጀመሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ በኋላ የፈረንሳይን የወይን እርሻዎች ያጠፋውን ሥር በሊ ተባይ ለመከላከል ነበር፣ ኋላ ላይ ግን ሥሩ ለድርቅም ትልቅ ልዩነት እንዳለው ታየ። 110 ሪችተር፣ 1103 ፖልሰን፣ 140 ሩጀሪ የሚባሉት ከሁለት የአሜሪካ የዱር ወይኖች ተዳቅለው የወጡ ሥሮች ናቸው፣ በድርቅ ቻይነት የታወቁ። እኛ ጋ ችግኝ ሻጩን ሥሩ ምንድነው ብትለው ሥሩማ የራሱ ነው ብሎ ነው የሚያይህ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ድሪፕ፣ ማለትም ውሃ በቱቦ ሥሩ ላይ የሚያንጠባጥብ መስኖ፣ ካለ ምን ችግር አለ ይሉኛል። ድሪፕ እኮ ውሃ ሲኖር ነው። አዋሽን የወንጂ ሸንኮራም የከተማውም ሕዝብ የአትክልቱም እርሻ ይጋራዋል፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሐረግ ያለው ሰው ደግሞ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ ጀሪካኑን ነው የሚሞላው፣ ወይኑ የልብስ እጣቢ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ጥማት ለወይን ጠጅ ፍሬ ይጠቅማል፣ የልጣጩን ቀለም የሚሠሩት ጂኖች ይበረታሉ ፍሬውም ያንሳል፣ ለጠማቂው ጥሩ ነው። ለኛ ግን ዘለላ ቆርጦ ለልጅ ለሚሰጥ ቤት ትንሽ ፍሬ ምን ይሠራል።

እኔ የምለው እዚሁ አዳማ አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ስማቸው የማይታወቅ ሐረጎች አሉ። አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ በረንዳቸው ላይ ያለው ወይን በጣሳ ውሃ ነው ዓመቱን የሚያልፈው፣ በየዓመቱም ያፈራል። ድርቅ ቻይ ነው ብዬ አልምልም፣ ምናልባት ሥሩ የሆነ እርጥብ ቦታ አግኝቶ ይሆናል። ግን መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህ 17 ኪሎ ሜትር ነው! ከየግቢው ቁራጭ ተወስዶ በስምና በቁጥር ተመዝግቦ፣ እኩል አፈር ባለው ማሰሮ ተተክሎ፣ ውሃ ተቋርጦበት የትኛው ቅጠል መጀመሪያ እንደሚጠወልግ ቢታይ ትልቅ ወጪ አይደለም፣ የጂኑ ምርመራ ከዛ በኋላ ለተመረጡት ጥቂቶች ይደርሳል። እትዬን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ቁራጭ ለመስጠት ፈቃደኛ ናቸው፣ ሐረጉ የሚገረዝበት ጊዜ ሲደርስ ኑ ብለዋል።