«ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ዝም

አዳማ ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ አንድ ነው፦ «ኮር አይ ፋይቭ ነው።» ስንተኛ ጀነሬሽን? «ወንድሜ፣ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ቆንጆ ዕቃ ነው።» አይ ፋይቭ የሚባለው ስም እኮ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ! የመጀመሪያውም አይ ፋይቭ፣ አሥራ ሁለተኛውም አይ ፋይቭ። የሞዴሉን ቁጥር ልየው ብሎ መገልበጥ ደግሞ ነውር ሆኗል። ክዳኑን እንክፈተው ካልክማ ሌባ ነው የምትመስለው።

እኔ ፍጥነት አልፈለግኩም። የምፈልገው ኤክስቪ6ን በእውነተኛ ማሽን ላይ ፖርት ማድረግ፣ ማለትም እንዲሠራበት አስተካክሎ ማስነሳት ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የሠራው፣ የዩኒክስ ስድስተኛ ዕትምን መሠረት ያደረገ ትንሽዬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አሁን ሪስክ-ፋይቭ ወደሚባል ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ዞሯል፤ እኔ የያዝኩት በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራውን የቀድሞውን ነው። ይሄ ልጅ ዩኤስቢ የሚባል ነገር አያውቅም። ዲስክ የሚያናግረው አይዲኢ በሚባለው በድሮው መንገድ ነው፣ የሚነሳውም በባዮስ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ በሚሠራው የድሮ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ክቡ የኪቦርድ መሰኪያ ያለው፣ ባዮሱ ዲስኩን ወደ አይዲኢ ሞድ የሚቀይር፣ ከኋላው ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት ያለው ዴስክቶፕ ያስፈልገኛል። የኮር ቱ ዱዎ (ከአይ ፋይቭ በፊት የነበረው የኢንቴል ፕሮሰሰር) ዘመን የቢሮ ማሽን በቂዬ ነው። ሲሪያሉን ቅንጦት አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ፤ ከርነሉ፣ የሲስተሙ ልብ፣ ሲነሳ ሞቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን የት ጋ እንደሞተ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው።

«መልቲታስኪንግ ከሆነ ራሙ ትልቅ ይሁንልህ እንጂ» ያለኝ ሻጭ አለ። መልቲታስኪንግን፣ ብዙ ፕሮግራም በአንዴ ማስኬድን፣ የሚያመጣው ራም አይደለም። ታይመሩ ልክ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ፕሮሰሰሩን እያቋረጠ «ያንተ በቃ፣ ቀጣይ!» ይላል፣ ከርነሉ የአንዱን ፕሮግራም ሁኔታ አስቀምጦ ሌላውን ያስገባል፣ አለቀ። አሚጋ የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1985 በ7 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና በ256 ኪሎባይት ራም ይሄንኑ ሠርቷል። እኔ 16 ጊጋ ምን ላደርግበት ነው?

ዋጋውማ አይወራ። ፎቶ ይለጠፋል፣ እሳት የሚተፋ ኢሞጂ ይደረደራል፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። በውስጥ መስመር ስትገባ «ስንት አለህ?» ይልሃል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ ከዚያ በፊት የገባና መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ዕቃ ሁሉ «ዶላር ጨምሯል እኮ» ይባልለታል። በምኑ ነው የጨመረበት?

መካሪዎችም አሉ። «ለምን በኪውኢኤምዩ አትሠራም?» እየሠራሁበት ነው፤ ግን እሱ ኢሙሌተር፣ ኮምፒውተርን የሚያስመስል ሶፍትዌር ነው፤ ኢሙሌተር ደግሞ ደግ ነው፣ እውነተኛው ዲስክ የሚያስቸግርበት ቦታ ላይ እሱ ዝም ብሎ ያሳልፍሃል። «ራስፕበሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽዬ ኮምፒውተር ግዛ፣ 35 ዶላር ነው።» 35 ዶላር ተብሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ ያውም እዚያው ውጭ አገር። ደግሞ ፕሮሰሰሩ አርም የሚባል ከኢንቴል የተለየ ዓይነት ስለሆነ ቡቱም፣ ኢንተራፕቱም፣ የሜሞሪ ገጽ አያያዙም እንደ አዲስ ሊጻፍ ነው። ላፕቶፕ የሚሉኝም አሉ፤ እሺ፣ ሲሪያሉን ከየት ላምጣው? (መብራት ሲጠፋ በባትሪው መቀጠሉ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የኤክስቪ6 ፋይል ሲስተም ሎግ (ዲስኩን ከመቀየሩ በፊት ለውጡን የሚመዘግብበት ቦታ) ስላለው ድንገት ቢጠፋበትም ዲስኩ እንዳይበላሽ ታስቦበታል፤ ለእኛ ሰፈር የተሠራ ነው የሚመስለው።)

የሚያንገበግበኝ ግን የምፈልገው ማሽን በከተማው ሞልቶ መገኘቱ ነው። የቢሮ ስቶር ውስጥ ተቆልሏል። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ሲሪያል ፖርቱ ሳይቀር ፊቴ ላይ ነበር። አንዱን ሽጡልኝ ስል «የመንግሥት ንብረት ነው፣ በጨረታ ነው የሚወገደው፣ እሱም በጅምላ ነው» አሉኝ። ጨረታው መቼ ነው? «ኮሚቴው ሲሰበሰብ።» ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ዝናብ ይገባበታል፣ ከዚያ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ቁራሌ ይሄዳል።

እስቲ እዚሁ አዳማ ፍራንኮም ሁን ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ቤትህ የተጣለ የድሮ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ካለህ የፊቱን ተወውና የኋላውን ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ባይነሳም ግድ የለም፣ ፓወር ሰፕላይ እቀይርለታለሁ።