ዳማ በዘይት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ብሎክ በር ላይ ዳማ አለ። ሰሌዳው ካርቶን ነው። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ የተደፋ፣ የሌላው የተንጋለለ። ተጫዋቾቹ ጥበቃችንና አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ናቸው።

ያስቀናሉ። ጥበቃችን በር ላይ ሲቆም ሰዓቱ አልሄድ ይለዋል። ስልኩን ያያል፣ ያዛጋል፣ መልሶ ስልኩን ያያል። ዳማው ላይ ሲቀመጥ ግን ሻዩ ይበርዳል፣ ዝንብ ግንባሩ ላይ ትሰፍራለች፣ እሱ አንዷን ቆርኪ በሌባ ጣቱ ተጭኖ ይቀራል። ከለቀቃት አለቀ። በዚያች ሰዓት ሌባ የግቢውን በር ነቅሎ ቢወጣ፣ "ቀስ! ሰሌዳውን እንዳትመታ" ይለዋል እንጂ ቀና አይልም።

ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ (ስሙ ራሱ ትኩረት ይፈልጋል) ዕድሜውን ያጠናው ይህንኑ ነው። ቼዝ ተጫዋቾችንና ተራራ ወጪዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1975 ያገኘውን ጻፈ። ጨዋታው ካቅም ጋር ሲመጣጠን ሰው ሰዓቱንም ራሱንም ይረሳል። ከቀለለ ይሰለቻል፣ ከከበደ ይጨነቃል። ጥበቃችን ከእኔ ጋር የማይጫወተው ለዚህ ነው። "ካንተ ጋርማ እንቅልፌ ይመጣል" ይለኛል።

የብሎካችን ኮሚቴ ይህን ሁሉ ደስታ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። ያለ ቃለ ጉባኤ የሚደሰት ሰው እንዴት ይኖራል? ውድድር ታወጀ። ሽልማቱ አምስት ሊትር ዘይት። የዘይትን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሙግት ሆነ። "ነክተሃል!" "አልነካሁም!" ዳኛ ተሰየመ። ዳኛው አበል ጠየቀ። ሹፌሩ አሸንፎ ዘይቱን ይዞ ገባ። በነጋታው ጥበቃችን "ና እንጂ፣ አንድ ዙር" ቢለው፣ "በምን?" አለው።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ በታተመ አንድ ጥናት፣ መሣል የሚወዱ ሕፃናት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። "ከሣላችሁ ሪባን ያለው ምስክር ወረቀት አለ" የተባሉት፣ በኋላ በትርፍ ሰዓታቸው ቀለሙን ማንሳት ቀነሱ። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሮው ሣሉ።

ኮሚቴያችን "የተሳትፎ መቀዛቀዝ" የሚል አጀንዳ ይዟል። አሁን ዓይኑን የጣለው የሴቶቹ ቡና ላይ ነው፤ ለምርጥ ጀበና ዋንጫ ታስቧል አሉ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ረከቦቷን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። "ከጠየቁሽ" አለች ለልጇ፣ "እናቴ ቡና ትታለች በያቸው።"