ሰው ሲጾም ላም አትጾምም

«ለአየር ንብረቱ ስትሉ ሥጋ ቀንሱ» የሚለው ክርክር በአውሮፓና በአሜሪካ ከሞቀ ቆይቷል። አሁን እኛም ዘንድ ገብቷል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ አያለሁ። አንዱ «እኛ ድሮም እየጾምን ነው፣ ዓለም ከእኛ ይማር» ይላል። ሌላው «ሥጋ በዓል በዓል ብቻ ለሚቀምስ ሕዝብ ቀንስ ማለት ነውር ነው» ይላል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ግን ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ከብቱ መጀመሪያ ለምን ይረባል?

ሳይንሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከብት፣ በግና ፍየል ሣር ሲፈጩ ሆዳቸው ውስጥ ሚቴን ይፈጠራል። የሚወጣው በአብዛኛው በግሳት ነው። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ያሞቃል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የእንስሳት እርባታ ሰው ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 በመቶውን ይይዛል ብሎ ነበር። በ2023 ቁጥሩን ወደ 12 በመቶ አውርዶታል። ያም ቢሆን ትንሽ አይደለም። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የሚያስከትለው ልቀት ደግሞ ከዶሮ ሥጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከምስርና ከአተር ጋርማ ጭራሽ አይወዳደርም።

አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ከ100 ኪሎ በላይ ሥጋ ይበላል። እዚያ የሥጋ ከብት የሚረባው ለመታረድ ነው። በቆሎ እየተቀለበ ይደልባል፣ ይታረዳል፣ አለቀ። ብራዚል ውስጥም የአማዞን ደን በአብዛኛው የሚመነጠረው ለግጦሽ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ በላተኛው ሲቀንስ አርቢውም መቀነሱ አይቀርም። ስለዚህ «ቀንሱ» የሚለው ምክር እዚያ ይሠራል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ከብት በሚለቀው ጋዝ ላይ ግብር ለመጣል ወስናለች። ኒውዚላንድም ተመሳሳይ ነገር ልትሞክር ነበር፤ ገበሬዎቿ ተቆጡና በ2024 ተወችው።

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችንም ከዚህ አያመልጥም። በሳምንቱ መሐል በርገር፣ ቅዳሜ ቁርጥ፣ እሑድ ጥብስ ከሆነ ነገሩ «ጥፋቱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ አፍሪካውያን ነን» በማለት አይታለፍም። የሚበላው የአሜሪካ በሬ ነው። ደግሞ ለእሱ መቀነስ ቀላል ነው። በያይነቱን የመሰለ ምግብ በእጁ ያለ ሰው እኮ ነው። ፈረንጁ ባቄላ ፈጭቶ ሥጋ ለማስመሰል ሲታገል እኛ ሽሮ አለን።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሀገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አላት። ከአፍሪካ የሚስተካከላት የለም። ሆኖም ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ የሚደርሰው ሥጋ 10 ኪሎ አይሞላም። ይህን ሁሉ ከብት ይዘን ሥጋ ብርቅ የሆነብን ከብቱ ለሥጋ ስላልተያዘ ነው። የጎጃም ገበሬ በሬ የሚይዘው ለማረስ ነው። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ጥማድ የሌለው ሰው መሬቱን ለሌላ የእኩል ይሰጣል። ላሟንም የሚይዛት ለወተቷ ብቻ አይደለም፤ የነገውን በሬ ትወልድልኛለች ብሎ ነው። ኩበቱ ማገዶ ነው። ቦረና ሲወርዱ ደግሞ ከብት ባንክ ነው፣ ክብርም ነው። ሥጋው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ በሬው ሲያረጅ ወይም ባለቤቱ ብር ሲቸግረው። አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ክትፎ ብተው ደብረ ማርቆስ ያለው ገበሬ በሬውን አይሸጥም።

ለዚህ ጾማችን ራሱ ምስክር ነው። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲጨመር ደንቡን ጠብቆ የሚጾም ኦርቶዶክስ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋና ወተት ያሳልፋል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ወተት ገዢ ያጣል። ላሟ ግን አትጾምም። ታመሰኳለች፣ ታገሳለች። መንጋው ባለበት ነው። (ጾም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ የካርቦን ሒሳብ ማወራረጃ ሲያደርጉት ደስ አይለኝም። ሀገሪቱም የኦርቶዶክስ ብቻ አይደለችም።)

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነሱ እንቁላልና ወተት ይጨመር እንጂ ምኑ ይቀነሳል?

ታዲያ «እኛን አይመለከተንም» ብለን እንተኛ? አይሆንም። መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የሀገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ከእንስሳት ነው። መኪናውና ፋብሪካው አጠገቡም አይደርሱም። ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ችግኝ እንሰማለን፤ ጥሩ ነው። ስለ ከብቱ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ከብት የምርጫ ድምፅም ጉዳይ ነው መሰለኝ።

መፍትሔው ያለው በረቱ ውስጥ ነው። የሀገር ውስጥ ላም በአማካይ በቀን ሁለት ሊትር እንኳ አትሞላም። ጥሩ መኖ የምታገኝ ዲቃላ ላም ብዙ እጥፍ ታልባለች፤ የምትለቀው ጋዝ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በጥቂት ላም ብዙ ወተት ማለት ነው። ስትራቴጂው እ.ኤ.አ. በ2030 ከሀገሪቱ የሥጋ ምርት 30 በመቶው ዶሮ እንዲሆን አቅዶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ፕሮግራምም ዶሮና እንቁላል ላይ አተኩሯል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የመኖ ዋጋ እንዲህ እየናረ ግን ጫጩት ማደል ብቻውን የትም አያደርስም። ትራክተር ናፍጣ ቢጠጣም፣ በኪራይ በጊዜው ከተገኘ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ጥማድ የሚቀልብበት ምክንያት ይቀንሳል።

የቆላው አርብቶ አደር ነገር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲከዳ በደቡብና በምሥራቅ ሚሊዮኖች ከብት አልቋል። ይህን ያየ ሰው የሚማረው መንጋ መቀነስን አይደለም። መቶ ከብት ያለው ሰው ከድርቅ በኋላ ሃያ ይተርፈዋል፤ ሃያ የነበረው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ያበዛል። ከብት ቀንስ ከማለት በፊት ቁጠባውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ቦረና ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ የከብት መድን አለ፤ ግጦሹ መድረቁ በሳተላይት ሲታይ ካሳ ይከፍላል። የአየር ንብረት ገንዘብ እንሰጣለን የሚሉ ሀገራት የዚያን መድን ዓረቦን ቢደጉሙ፣ የእንስሳት ሐኪምና መኖ እዚያ ቢያደርሱ እመርጣለሁ። ስለ ክትፏችን የሚሰጡትን ምክር ለጊዜው ለራሳቸው ያቆዩት።