ይድረስ ለክቡር «ደህና ቦታ»

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛማ ምን እንሆናለን፣ የቤቱን ካርታ እየፈለግን ነው። እማዬ «ደህና ቦታ ነው ያስቀመጥኩት» ካለች ወዲህ ፍራሽ ገልብጠናል፣ የቡፌውን መሳቢያ አራግፈናል፣ የስኳር ጣሳ ሳይቀር ፈትሸናል። የተገኘው የአምና የመብራት ደረሰኝ ብቻ ነው።

የእኛስ ወረቀት ነው እንበል። አገረ ገዥ ግን እንዴት ትሰውራለህ?

ስቲቨንስ ሜሰንን አላውቀውም እንዳትለን። በ1831 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልህ) ገና በ19 ዓመቱ የአሜሪካዋ የሚሺጋን ግዛት ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። ያኔ ድምፅ ለመስጠት እንኳ ዕድሜው አልደረሰም። በ1835 ተመርጦ የመጀመሪያው የሚሺጋን ገዥ ሆነ። በ1843 ኒውዮርክ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የሚገርመው፣ በሰው አገር ከስልሳ ዓመት በላይ ሲተኛ አልጠፋም።

የጠፋው የገዛ ሰዎቹ ክብሩን እንጠብቅለት ብለው ለአንተ አደራ ከሰጡት በኋላ ነው! በ1905 አፅሙን ዲትሮይት አምጥተው ካፒቶል ፓርክ ቀበሩት፤ የድሮው የሚሺጋን ምክር ቤት የነበረበት ቦታ ነው። ሐውልትም አቆሙለት። በ1955 የአውቶቡስ ተርሚናል ሊሠራ ነውና «እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በል» ተባለ። ፈቀቅ አለ። በ2010 ፓርኩን ለማደስ አለ የተባለበትን ሲቆፍሩ የነሐሱ ሰውዬ አለ፣ የአጥንቱ ሰውዬ የለም። ለቀናት አፈር ሲዝቁ ከረሙ። ለካስ እዚያው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ነበር። አንተ ይህን ሁሉ እያየህ ጭጭ!

ግዴለሽ ሰው እኮ አንተን አያውቅህም። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ይወረውራል፣ ጠዋትም እዚያው ያገኘዋል። አንተ የምትበላው ጠንቃቃውን ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ደግሞ ደርቦ የሚያመጣልህን።

ለማንኛውም፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2010፣ በተወለደ በ199ኛ ዓመቱ፣ ሜሰን ለአራተኛ ጊዜ ተቀበረ። ልደቱን በቀብር ያከበረ ሰው እንግዲህ አንተው ጋ ነው የምናገኘው። አሁን ከሐውልቱ ሥር ነው ያስገቡት። ደህና ቦታ ነው ብለዋል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአካፋና ለዶማ (በተጠንቀቅ እንዲቆዩ)