«ባንክ» ከወንዝ ዳር አልመጣም

ወንድሜ፣ የእንግሊዝኛው «ባንክ» የወንዝ ዳርም የገንዘብ ቤትም የሆነው ነጋዴዎች ወንዝ ዳር ይገበያዩ ስለነበር ነው ብለሃል። ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ ግን ስሕተት ነው። የገንዘቡ ባንክ ሥሩ ጣልያንኛ ነው፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲም የሚቆጥሩበት ጠረጴዛ «ባንኮ» ይባል ነበር። ደሴ ፒያሳ ክርንህን አስደግፈህ ማኪያቶ የምትጠጣበት ባንኮኒም የዚያው ዘመድ ነው። የወንዙ ግን በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች በኩል የገባ፣ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ማለት ነው፤ ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር ስትቆም የምትረግጠው። ሁለቱ የሚገናኙት እንግሊዝኛም ጀርመንኛም የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎችም በሚጋሩት፣ በጣም ጥንታዊ በሆነ ሥር ላይ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ሊያርፍ የሚዞር አውሮፕላን ወደ አንድ ክንፉ ሲያዘነብልም እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ይጠቀማል፤ አደራ፣ እዚያ ላይ ገንዘብ አስቀመጠ ብለህ እንዳትተረጉም።