ጋቢ ታርማበር፣ ማንጎ ሸዋ ሮቢት

«ኢትዮጵያ በሐሩር ክልል የምትገኝ አገር ናት» ይላል የእህቴ ልጅ የጂኦግራፊ ደብተር። ኅዳር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው የእህቴ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ጋቢ ተከናንበናል። ልጁ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ስለ እኛ ነው?» አለኝ።

ስለ እኛ ነው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ከፍታዋ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ውርጩ የከፍታው ነው። ያላመነ ሚኒባስ ይሳፈር። ታርማበር ዋሻ ጋ ጉም መስታወቱን ይሸፍነዋል። ደብረ ሲና ላይ የገዛችሁት ቆሎ ሳያልቅ ሸዋ ሮቢት ትገባላችሁ። ጋቢው ተጠቅልሎ ጭናችሁ ላይ፣ ውጭ ማንጎና ፓፓያ። ከታርማበር ጀምሮ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርዳችኋል።

ያ የታርማበር ተራራ ውኃም ያካፍላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው አዋሽን ይዞ ይሄድና ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

የተፈጥሮ ሀብት ሲነሳ ግን ወሬው ሁሉ የመዘዞ የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓል፣ እና የለሚ ሲሚንቶ ነው። አልንቅም። ጀማ ጥቁሩን ድንጋይ ቆርጦ ባይወርድ ኖሮ ከስር ያለው፣ ለሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ መች ይታይ ነበር? ኦፓሉም ያምራል፤ ችግሩ ውስጡ ያለው ውኃ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። እኔም አንድ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ እያለ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

መንዞች ሀብት ብለው የጠበቁት ሣር ነው። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም አምባ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአገሩ ሰው ራሱ ሕግ አውጥቶ ለዓመታት ይዘጋውና ሲደርስ ይከፍተው ነበር። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ላላ፤ ቆይቶ በማኅበረሰቡ ጥበቃ መልሶ ቆመ። የሣር ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ዝናቡን ይዞ ለምንጮች ቀስ እያለ የሚለቀው እሱ ነው።

እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። የእህቴ ግቢ አጥር ሙሉ ኩበት ተለጥፎበታል፤ የጣቷ ቅርጽ እንኳ ይታያል። ለገብሱ ማሳ የሚገባው ፍግ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። «እባክሽ ለማሳው ተይለት» አልኳት።

«እንጀራውን በምን ልጋግረው ታዲያ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሰሜን ሸዋ ሀብት ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ከኦፓሉ በፊት የእሷን ጥያቄ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።