ይድረስ ለቅዳሜው እንግዳዬ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ፣ ቅዳሜ መጥተህ ሰኞ ለምትሄደው እንግዳዬ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከአንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ያን ያህል አልጠናብኝም። ትራሱ ገና የአንተን ሽቶ እንደሸተተ ነው።

እንደምታውቀው እንጀራዬ ጣና ዳር ተቀምጬ ስለ ገጠር ኑሮ መጻፍ ነው። ዓምዴ ማክሰኞ ይወጣል። ማክሰኞ እንዲወጣ ሰኞ ጠዋት አዘጋጁ እጅ መግባት አለበት። ሰኞ ጠዋት እንዲገባ ቅዳሜና እሁድ ተቀምጬ መጻፍ አለብኝ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አንተ አለህ።

አንተ ዘንድ መጻፍ ሥራ አለመሆኑን ከደረስኩበት ቆየሁ። በረንዳዬ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ስታየኝ፣ "አንተማ ምን አለብህ! ሐይቁ ፊት ለፊትህ፣ አየሩ ንጹሕ፣ ጸጥታው ልዩ" ትላለህ። ከዚያ ወንበር ስበህ አጠገቤ ትቀመጥና ስለ ጸጥታ ጥቅም እስከ ምሳ ድረስ ታወራልኛለህ። መሀል ላይ አዘጋጁ ይደውላል። "እንግዳ አለብኝ በለው" ብለህ ትመክረኛለህ። አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንተማ ምን አለብህ!"

ስለ ዓሣው እናውራ። "ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ ዓሣ ትገዛለህ እንዴ?" ብለህ ስቀህብኛል። አዎ፣ እገዛለሁ። አጥማጁ ሰው ተኝቶ ሳለ መረቡን ጥሎ፣ ሲነጋ ሰብስቦ ነው የሚመጣው። ቤቴ ለውሃው ስለቀረበ የሚቀንስልኝ ሳንቲም የለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣል። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘሩን ማጥፋት ነው። ይህን ሳስረዳህ ከልብህ አዘንክ። ራስህን ነቀነቅህ። ቀጥለህም "እንግዲያው ለምሳ ሌላው ዓሣ፣ ቆረሶው ይሻላል" አልክ። (በነገራችን ላይ ጾም ነበር። አዲስ አበባ ሳለህ ዓሣ ፍስክ ነው ብለህ ሽንጥህን ገትረህ የምትከራከር ሰው፣ ጣና ስትደርስ እምነትህ ለዘብ ይላል።)

ጢስ ዓባይንም አልረሳሁትም። በመጋቢት መጣህ። ፏፏቴው ፊት ቆመህ ከኪስህ አንድ ብር አወጣህ። ኖቱ ላይ ያለውን ሥዕልና ድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አስተያየህ። ከዚያ ዞረህ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ፤ ዘጊው እኔ ነኝ እንዴ? እዚያው ጢስ ዓባይ ሁለተኛው ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ፤ እሱ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ ይሰደዋል። በጋ ላይ ለፏፏቴው ብዙም አይተርፈው። ማታ ቤት ስንመለስ የስልክህን፣ የካሜራህንና የፓወር ባንክህን ቻርጀር ባገኘኸው ሶኬት ሁሉ ሰካህ። የፈለግኸው ውሃ እኮ እዚያ ገብቶ ነበር ወንድሜ።

ባለቤትህ ሐይቁ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም ሲባሉ ያኮረፉት እኔን ነው። ደንቡ ከእኔ ዓምድ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ መሆኑን ብታስረዳልኝ ምን ነበረበት?

ፎገራ በኩል ስንሄድ ደግሞ መኪናው ይቁም ብለህ ጮኽክ። እንቦጩ አብቦ ነበር። "እንዴት ያለ አበባ ነው! ሐምራዊ!" ብለህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ጭቃ ገብተህ ፎቶ ተነሳህ። ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የዚያ አካባቢ ሰው ጀልባው ሲታሰርበት፣ ዓሣው ሲርቅበት፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። አንተም ነቀልክ፣ አንድ ብቻ። ከነሥሩ። በፌስታል ጠቅልለህ፣ "ለግቢያችን ገንዳ" አልከኝ። በድንጋጤ ነጥቄህ እመንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ሳሰጣው አምስት ገበሬዎች ቆመው አዩኝ። አንድ እንቦጭ ይዘን ስንታገል ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ።

የዶሮዋ ጉዳይ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ገብስማዋን ታውቃታለህ። ዓምዴ ላይ ደጋግሜ የማነሳት እሷን ነው። ጓዳ ጥግ ከተከመሩት አሮጌ ጋዜጦች ላይ ትወጣና፣ ትዞር ትዞርና፣ ልክ የእኔ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ ዓምድ የረባ ነገር ያወጣች እሷ ብቻ ናት። አንባቢ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከእኔ ጤና በፊት የእሷን ይጠይቃል። አንተም እንደገባህ "ያቺ ዶሮ ይቺ ናት?" አልክ። ደስ አለኝ። አንስተህ አቀፍካት። ክንፏን ገለጥ፣ ጭኗን ጨበጥ ጨበጥ አደረግህና፣ "አሥራ ሁለት ብልቷን ቆንጆ አድርጎ ይወጣላታል" አልክ።

ጓዳ ገብቼ ባለቤቴን ሽንኩርት እንዳትከትፍ ለመንኳት። አንባቢ ይታዘበኛል ብልህ ደግሞ መላ አላጣህም፦ "ሌላ ገብስማ ግዛና ያቺው ናት በል። ማን ያውቃል?" ስለ ገጠር ኑሮ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረኝ ሰው ቢኖር አንተ ነህ። ከገበያ አውራ ዶሮ ገዝቼ፣ የአውራ ዶሮ ዋጋ አሁን ስንት እንደደረሰም ሳልነግርህ፣ ነፍሷን አተረፍኩ።

ሰኞ ስትሄድ ደግሞ "ትንሽ ነገር" አለች። ትንሽ የዘጌ ቡና፣ ትንሽ ማር፣ ከጓሮ ትንሽ ሎሚ። አንተ "ትንሽ" ስትል ባለቤቴ ማዳበሪያ ፍለጋ ትነሳለች። አውሮፕላን ጣቢያ ስትመዝነው ኪሎው በልጦ የከፈልኩት እኔ መሆኔን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። የፊታችን ቅዳሜ እንደ ልማድህ ና። ቤት የእግዚአብሔር ነው። ሽሮው ከመደርደሪያው ላይ አለ፣ ዓሣ ካማረህ አጥማጁን ጠይቀው፤ ሐይቅ ዳር ስላደርክ መቼም አያስከፍልህም። እኔና ባለቤቴ ግን እዚያ አንሆንም። ኮንዶሚኒየምህ ቅዳሜና እሁድ ባዶ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ወደዚያው እንሄዳለን። የጣና ዳር ማለዳ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል፣ እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ተረጋግቼ እጽፋለሁ። ቁልፉን ለጥበቃው ስጥልኝ። ስንመለስ የምንይዘው ትንሽ ነገርም ይቋጠርልን። ሱፐርማርኬቱ ደጃፍህ ስለሆነ መቼም አትገዛም።

አክባሪህ፣
የጣና ዳሩ ዓምደኛ

ማሳሰቢያ፦ ገብስማዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥቻታለሁ። የትኛው ጎረቤት እንደሆነ አትጠይቅ።